ጉሬዛ ሞቶ ሲገኝ ለማን ይነገራል? ከጅማ የተነሳው ክር

ይህን የምጽፈው ክሩን፣ ማለትም በመወያያ ገጹ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉትን መልሶች፣ ዘግይታችሁ ላገኛችሁት ነው። መልሶቹ ከሃያ አልፈዋል፤ ጭቅጭቁም ዋናውን ጉዳይ እየሸፈነው ነው። እኔ ደግሞ ይህ ጉዳይ እንዲሸፈን አልፈልግም። የእያንዳንዱን መልስ ቁጥር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ሙሉውን ማንበብ የሚፈልግ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብብ።

የመክፈቻው ጽሑፍ ገራ በኩል ቡና ያላቸው የአንድ አባት ነው። ቡናቸው ከጫካው ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁለት ጉሬዛዎች ቡናው መሃል ሞተው አገኙ። ቁስል የላቸውም። የጥይትም የወጥመድም ምልክት የለም። ከቀናት በኋላ ሌላ ጉሬዛ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሲጠጋው እንኳ ዛፍ መውጣት አቅቶት አዩ። ጉሬዛ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ሰው እያየ መሬት ላይ ከተቀመጠ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ለአካባቢያቸው የከብት ሐኪም ቢነግሩት ሥራዬ ከብት ነው አላቸው። ለማን ይነገራል? ለልጆቼና ለከብቶቼስ ልስጋ ወይ? ብለው ጠየቁ። ከጥያቄው ጋር አንድ ወቀሳም አለ። ጅማ ላይ ያን የሚያህል የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እያለ ጫካ ውስጥ ለሚሞተው ዞር ብሎ የሚያይ የለም ይላሉ።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። የጻፈው የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። ጋሼ እያለ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ። ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ደም ይወጣ ነበር ወይ? በአካባቢው የታመመ ውሻ ወይም ከብት አለ ወይ? በዚያ ሰሞን የተረጨ መድኃኒት አለ ወይ? ሬሳው ያኔ ትኩስ ነበር ወይስ የቆየ? ቀጥሎ ሬሳውን ማንም በእጁ እንዳይነካ፣ በተለይ ማንም እንዳይከፍተው አጥብቆ አሳሰበ። ምክንያቱንም አስረዳ። በአባ ሰንጋ የሞተ እንስሳ ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ በተፈጥሮ ቀዳዳዎቹ በኩል ይፈሳል። ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ያገኝና ወደ ስፖርነት፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ወዳለው የማይሞት ቅርጽ፣ ይለወጣል። ስፖሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የደቡብ ኦሞውን ምሳሌም አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አባ ሰንጋ ገብቶ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳት አልቀዋል፤ አብዛኞቹ አምባራይሌዎች ነበሩ።

ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ሳይመለከቱ ስንት ሰዎች መላ ምት እንደደረደሩ ከታች ታያላችሁ።

2ኛዋ ከቆጪ የጻፈች እናት ናት። ጦጣ ጣሪያቸው ላይ ይወጣል፣ ልጆቿም ሙዝ ይሰጡታል። ልጆቼን በሽታ ያሲዛቸው ይሆን ብላ ፈራች። ስጋቷ ተገቢ ነው። ግን ማንም ያልመለሰላት ሌላ ጎን አለውና እኔ እዚህ ልጨምረው። ዝንጀሮና ጦጣ ከኛ ይይዛሉ፣ እኛም ከነሱ እንይዛለን። ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ዝንጀሮዎች ላይ ቢልሃርዚያ ተገኝቷል፤ ሰዎቹም ዝንጀሮዎቹም የሚወርዱት ወደ አንድ ውሃ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ጎሪላ ለማየት የሚሄዱ ጎብኚዎች ርቀት እንዲጠብቁ የሚታዘዙት ለጎሪላው ደኅንነት ጭምር ነው፤ የሰው ጉንፋን ይገድለዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ሙዙን መስጠት ይቅር። ለልጆቹም ለጦጣውም ይበጃል።

3ኛው ላይ ነገሩ ሞቅ አለ። በጤና ሥራ ጡረታ የወጡ አባት ስለ ቢጫ ወባ ጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የገባው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በልጅነታቸው የሰሙትን፣ ቤታቸው ባዶ ስለቀረ ቤተሰቦች፣ ጻፉ። ያን ክፍል ሁለቴ ነው ያነበብኩት። መጨረሻ ላይ ግን መጀመሪያ ዝንጀሮው ይሞታል፣ ቀጥሎ ሰው ይሞታል ብለው ደመደሙ።

4ኛዋ አረመቻቸው። እንዴት እንዳረመች ማየት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ስለጻፉት ታሪክ አመሰገነች፣ አባባ እያለች። ከዚያ ልዩነቱን አስቀመጠች። ጦጣ ሲረግፍ የቢጫ ወባ ደወል የሚሆነው በደቡብ አሜሪካ ነው፤ እዚያ በሽታው በባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ስለሆነ እንስሳቱ አይችሉትም። የአፍሪካ ጦጣና ጉሬዛ ግን ከበሽታው ጋር ዘመናት ኖረዋል። ይያዛሉ፣ ለጥቂት ቀናት ቫይረሱ በደማቸው ይዞራል፣ ትንኝ ከነሱ ትወስዳለች፣ አብዛኞቹ ግን ሳይሞቱ የመከላከል አቅም ያዳብራሉ። ስለዚህ በኛ አገር የሞተ ጉሬዛ የቢጫ ወባ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ያለው በሕይወት ባለው ጉሬዛ ደም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጡት ተመራማሪዎችም ጫካ ገብተው የጉሬዛና የዝንጀሮ ደም የመረመሩት ለዚህ ነበር። ከዚያ ወረርሽኝ ሌላም ነገር ታወቀ። ቫይረሱን ሰፈር ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ካመላለሱት ትንኞች አንዷ በእንሰት ቅጠል ጉያ በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ትራባ ነበር።

5ኛው ይህችን የእንሰት ነገር ይዞ ተቆጣ። እንሰታችንን ቁረጡ ልትሉን ነው ወይ አለ። ማንም እንደዚያ አላለም። 6ኛው በለሰለሰ ቃል አረጋጋው፤ ክትባት እያለ እንሰት የሚቆርጥ የለም አለ። እዚያ ላይ ተቋጨ።

7ኛው ግን ክሩን አበላሸው። አንድ የማና ሰው ጦጣና ዝንጀሮ በቆሎውን እንደጨረሱበት፣ ሌሊት ደግሞ ከርከሮ እንደሚገባ ጻፈና ይሙቱ አለ። ካልሞቱም መርዝ አለ ብሎ ጨመረ። ብሶቱን አልንቀውም። ልጆቹን ከትምህርት አስቀርቶ ማሳ የሚያስጠብቅ ገበሬ ሲናደድ ይገባኛል። መርዙን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ 8ኛውም አላለፈውም። መርዝ የበላ ዝንጀሮ እዚያው አይቀርም፤ ጅብ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። 8ኛው የህንድን ነገር አመጣ። እዚያ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት በሬሳው በኩል ጥንብ አንሳዎችን ኩላሊታቸውን እያበላሸ ጨረሳቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከመቶ ዘጠና በላይ ቀነሱ። ምክንያቱ የታወቀው ተመራማሪዎች የሞቱትን ወፎች ከፍተው ስለመረመሩ ነው፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፣ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይውል ታገደ። ከዚያ ወደ እኛ ጅብ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ሬሳ እንደሚያነሱና በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚቀንሱ አስልቷል። ጅማ ውስጥ ሌሊት ጅብ ሲጮህ የምትሰሙ ሁሉ ይህን አስቡት።

መረጃው ግሩም ነበር። አነጋገሩ ግን መጨረሻ ላይ ተበላሸ፤ የማናውን ሰው አላዋቂ አለው።

ከ9 እስከ 11 ያሉት መልሶች ስድብ ናቸው። ከተሜ፣ ባላገር፣ የቢሮ ሰው፣ ወንበዴ። አወያዩ ገብቶ ሁለቱን አጠፋ፣ አንዱን አስጠነቀቀ። ለማንበብ አትድከሙ።

12ኛው ወደ ቁም ነገር መለሰን፤ እሱም ቢሆን አስቸጋሪ ሐሳብ ይዞ ነው የመጣው። ጎጀብ በኩል ከብት አለው። ከብቶቹ ቆላ ሲወርዱ የፀፀ ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ ይይዛቸዋል፤ ይከሳሉ፣ ፀጉራቸው ይቆማል፣ ይወድቃሉ። ድኩላና ከርከሮ ግን ያንኑ ተሐዋሲ በደማቸው ይዘው ደህና ይኖራሉ፤ ዝንቧ ከነሱ ጠጥታ ወደ ከብቱ ትመጣለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለዚህ አውሬው ከጠፋ ገንዲም ይጠፋል አለ።

13ኛው መለሰለት፣ ኦቦ እያለ፣ በትዕግሥት። ይህ ተሞክሯል አለው። የዛሬዋ ዚምባብዌ በቅኝ ግዛት ዘመኗ ለፀፀ ዝንብ ብላ የዱር እንስሳትን በመቶ ሺዎች አስገድላለች። ዝንቧ ግን ከብዙ ዓይነት እንስሳ ትጠጣለች፤ ትልልቁ ሲያልቅ ትንንሹን ታገኛለች። እኛ አጠገብ፣ ጊቤ ሸለቆ፣ ለዓመታት የተሠራው ሌላ ነው። መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ መትከልና የከብቱ ጀርባ ላይ ዝንብ ገዳይ መድኃኒት ማፍሰስ። ከብቱን ራሱን ለዝንቧ ወጥመድ ማድረግ ማለት ነው። የጎጀቡ ሰው አመሰገነና መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። የክሩ ጥሩ ሰዓት ይህ ነበር።

14ኛው ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። የጻፈችው ጅማ የምትማር የሮቤ ልጅ ናት። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ስንጽፍ የነበረው አውሬ ምን ያመጣብን ይሆን እያልን ነው። እሷ ገልብጣ ጠየቀች፤ እኛስ ምን አመጣንባቸው? የባሌን ቀይ ቀበሮ ነገር ዘርዝራ ጻፈች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ከዚያ በ2003 እና በ2004፣ ከዚያም በ2008 እና በ2014 ገባባቸው። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ደግሞ በ2006፣ በ2010፣ በ2015። ምንጩ የእረኞች ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ብቻውን ነው፤ ጠዋትና ማታ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ይጫወታል። አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመመ። በ2003ቱ ወረርሽኝ በሽታው በገባበት ሸለቆ ከአራት ሦስቱ ያህል ሞቱ። ያኔ ጤነኞቹን በወጥመድ እየያዙ፣ እየወጉ እየለቀቁ፣ በሽታው ወደ ሌላው ሸለቆ እንዳይሻገር አደረጉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይጣልላቸዋል፣ በልተው ይከተባሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው ገና አንድ ሁለት ቀበሮ ሞቶ ሲገኝ ሬሳውን አንስቶ ጭንቅላቱን ላብራቶሪ የሚልክ ሰው ስለነበረ ነው። ገራ ላይ የጎደለን ይህ ሰው ነው።

15ኛው ውሻውን የት ያስከትብ እንደሆነ ጠየቀ። 16ኛው ዋጋ ነገረው። ከዚያ ስለ ውሻ ዝርያ ወሬ ተጀመረ፣ አንዱም የዘንድሮን የቡና ዋጋ አመጣ። ይህን ሁሉ ዘልዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከመሃል አንዲት ነርስ ገብታ፣ ውሻም ሆነ አውሬ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ ብላ ወጣች። እሷን እግዜር ይስጣት።

17ኛው ደስታ ስለሚባለው የከብት በሽታ ጻፈ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ምጽዋ ላይ ከወረዱ ከብቶች ጋር ገባ፣ የአገሪቱን ከብት ከአሥር ዘጠኙን ጨረሰ፣ ክፉ ቀን የምንለውን ረሀብ አመጣ። ከብት ብቻ አልነበረም፤ በአፍሪካ ጎሹንም ፈጀው። በዓለም ላይ ጠፍቷል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የመጨረሻው ሕመምተኛ ከብት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ፣ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ የተገኘ ጎሽ ነው። 17ኛው እዚህ ላይ ጠንከር ብሎ ተናገረ። ከብቱን ብቻ ስናይ ብንቀር ኖሮ በሽታው ማለቁን በምን እናውቅ ነበር? የጎሽ ደም እየተመረመረ ነው የተረጋገጠው። ሥራዬ ከብት ነው ላለው ሐኪም ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

18ኛው መራራ ነው። የውጭ ሰዎች መጥተው ናሙና ይወስዳሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ለኛ ሪፖርቱ እንኳ አይደርሰንም አለ። እኛ ደግሞ ለመመረቂያ የዶሮና የከብት ጥገኛ ተሐዋሲ እንቆጥራለን፤ ቄራው ቅርብ ስለሆነ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው አስከፋ፣ ግን ውስጡ እውነት አለው።

19ኛው ተመራማሪ ነው፣ የተናገረውም እንደቆሰለ ሰው ነው። ሰነፎች ስለሆንን አይደለም አለ። የዱር እንስሳ ለመያዝ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማደንዘዣው ውድ ነው፣ መጠኑ ከተሳሳተ ደግሞ እንስሳው ይሞታል። ናሙናው ለእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ አንጎል ነው፣ በበረዶ ነው የሚሄደው። ለመርዝ ከሆነ ጉበትና የጨጓራ ይዘት፣ እሱም ቀዝቅዞ። ለቲሹ ምርመራ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፎርማሊን። ጫካ ውስጥ በረዶ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በእበትና በኩስ ነው፤ እንስሳውን ሳይነኩ ከዛፍ ሥር ትኩሱን ይለቅማሉ። በዚያ የሆድ ጥገኛ ተሐዋሲ ይታያል፣ ድንገተኛ ሞት ግን አይታወቅም። በጫካ የሚሞት እንስሳ ደግሞ አይገኝም፤ በአንድ ሌሊት ይበላል። ሁለት ትኩስ ጉሬዛ ያየ ገበሬ እኔ በሥራ ዘመኔ ያላገኘሁትን አግኝቷል አለ። ይህን ሲጽፍ ቁጣው ቀዝቅዞ ነበር።

20ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ የተማሪውን አራት ጥያቄ አንድ በአንድ መለሱ። ደም አልነበረም። የታመመ ውሻም ከብትም የለም። ሬሳዎቹ ትኩስ ነበሩ፤ በማግሥቱ ግን ጅብ በልቷቸዋል። መሬት የተቀመጠው ጉሬዛ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አፉ ላይ ለሀጭ ነበር። በዚያ ሳምንት ጎረቤታቸው ጫቱን መድኃኒት ረጭቷል።

21ኛው ያ ተማሪ ነው። በጥንቃቄ ነው የጻፈው። መንቀጥቀጥ፣ ለሀጭና ድካም ከፀረ ተባይ መርዝ ጋር ይሄዳል። ጉሬዛ ቅጠል በላተኛ ነው፤ የተረጨ ቅጠል በልቶ ሊሆን ይችላል። ግን የእብድ ውሻ በሽታም ለሀጭ ያመጣል፤ ያለ ናሙና አይፈረድም። ጎረቤትየውን ማንም እንዳይከስ ለመነ።

ልመናው አልሰራም። 22ኛውና 23ኛው በጫት ተጣሉ። አንዱ ጫት ይነቀል አለ፣ ሌላው ልጆቼን የማስተምረው በምን ነው አለ። እኔ የምለው ሦስተኛ ነገር ነው። ያ መርዝ ጉሬዛውን ከገደለ፣ ያንኑ ቅጠል ሳያጥብ የሚቅመው ሰውም አፉ ውስጥ ነው ያለው። የረጨውም ሰው ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል ረጭቶት ይሆናል። የጉሬዛውን ሞት ማጥናት የጫት ገበሬውን ጤና ማጥናት ነው። የዱር እንስሳ ጥናት ቅንጦት ነው ለሚሉ ሁሉ ገራ ላይ የሆነውን አሳዩአቸው።

24ኛው የኔ ነው። የጻፍኩት አጭር ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ማንም ገበሬ ማድረግ የሚችለው አለ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ብዛት፣ ግልገል ይሁን ትልቅ፣ በዙሪያው የተረጨውን፣ የታመመውን ውሻና ከብት መመዝገብ። ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሳት። አለመንካት፣ አለመክፈት፣ ቆዳውን አለመግፈፍ፣ ውሻ እንዳይጠጋ መከልከል። ፎቶው ላይ ቀንና ቦታ ካለ ለተመራማሪ ግማሽ መንገድ ነው።

25ኛው ተማሪው እንደገና። ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሯል፤ ሬሳ በተገኘ ሰዓት የሚደወልበት አንድ ስልክ በውስጥ መልእክት ለአባትየው ላከ። ጓንትና ፎርማሊን አላቸው። በረዶ ከከተማ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘው መምጣት ይችላሉ። የመኪና ገንዘብ ግን የላቸውም።

26ኛው ላይ ያ የማና ሰው፣ ይሙቱ ያለው፣ ብቅ አለ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ሐሳቡንም አልቀየረ። ግን ሞተር አለኝ፣ ነዳጁን የሚችል ካለ ከጅማ ገራ አደርሳችኋለሁ አለ። ነዳጁን የሚችል እስካሁን ሁለት ሰው ተመዝግቧል። ሌላ የምትችሉ ከ26ኛው ሥር ጻፉ።